ቦራን ይዤ ወደ ጉና

ማክሰኞ ጠዋት ከደብረ ታቦር የተነሳሁት ዘመድ ልጠይቅ አይደለም፤ ጠበል ልጠመቅም አይደለም። ውሻዬን ይዤ ሽማግሌ ፊት ልቀርብ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ በድንበር ተከስሼ አላውቅም፣ በነገር ተጠርቼ አላውቅም፤ «የሰው ውሻ ይዘሃል» ተብዬ ግን ጉና ተራራ ድረስ ተጠራሁ። መልእክቱ ከደረሰኝ ጊዜ ጀምሮ እህል አልጣመኝም።

የማያውቀኝ አንባቢ ካለ ልንገረው። ደምሴ እባላለሁ። በደብረ ታቦር ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አሁን አሁን ደግሞ የሶላር መብራት የተበላሸበት ሰው የኔን ደጅ ያውቃል። አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የሬዲዮን ነገር ያወቅሁት ደግሞ የገዛ ሬዲዮዬን ፈትቼ መልሼ እየገጠምኩ። ውሻ ማሰልጠንንም ማንም አላሳየኝም፤ ከራሴ ጭንቅላት ያፈለቅሁት ነው። ቦራ «ተቀመጥ» ሲባል ይቀመጣል፣ «ጃንጥላ» ሲባል ጃንጥላዬን በአፉ ይዞልኝ ይመጣል፣ «ሙት» ሲባል በጎኑ ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ተነስ» እስኪባል ድረስ ሬሳ ይሆናል። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው ቦራ ያልኩት፤ የቀረው ገላው ጥቁር ነው።

ልጄ ዝናሽ ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ይህ ነው የሚባል ሥራ አላገኘችም። የቦራን ትርኢት በስልኳ እየቀረጸች መልቀቅ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ዘንድሮ ሰው ውሻ ማየት ይወዳል። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ኳስ በሌለበት ቀን የሚከፈተው የውሻ ፊልም ነው። የፈረንጅ ውሻ ሕፃን ከጎርፍ ጎትቶ ሲያወጣ እያዩ፣ በመንገድ ላይ ውሻ በድንጋይ የሚያባርሩ ጎረምሶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። የቦራን ፎቶ መስተዋቱ ላይ የለጠፈ ባጃጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ያህል ስም ያወጣለት ማን ነው ቢባል፣ እኔ ነኝ።

ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። በጋሳይ ገበያ አንዲት ልጅ ቦራ ጃንጥላ ይዞ ሲሄድ በስልኳ ታያለች፤ «ይሄ የአጎቴ የካሴ ውሻ ነው» ትላለች። ካሴ የጉና ገበሬ ነው። ያችን ቪዲዮ አስከፍቶ አየና በሰው ላከብኝ፦ «ውሻዬን ይዘው ሽማግሌ ፊት ይቅረቡ፤ ካልሆነ እኔ እወርዳለሁ።»

ቦራን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በደብረ ታቦር የከብት ገበያ ነው። እግሩ ቆስሎ፣ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሎ፣ ባዶ የበግ በረት አጠገብ ተኝቶ ነበር። ባለቤቱን ጠየቅሁ፤ የኔ ነው ያለ አልተገኘም። ወስጄ አከምኩት፣ አበላሁት። ሌባ አይደለሁም። ግን ሌባ ያልሆነ ሰውም «አልሰረቅሁም» ለማለት ተራራ ሲወጣ ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ሽማግሌዎቹ ለአገራቸው ሰው ቢፈርዱስ? ቦራን እዚያው ቢያስቀሩብኝስ? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የደጄን መከፈት የሚጠብቅ ሌላ ፍጡር የለኝም።

መናኸሪያ

ዝናሽ እስከ መናኸሪያ ሸኘችን። ስንቄ ዳቦ ቆሎ ነው፤ ለቦራ ደግሞ ያደረ እንጀራ በፌስታል ቋጥራለታለች። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ «መንገዱ ክፍት ነው?» እያልን ጠየቅን። ዘንድሮ ይህ ጥያቄ ከእግዜር ሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። አንዱ ክፍት ነው ይላል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይዘጋል ይላል። እኔ ደግሞ ቢዘጋ እንደሚሻለኝ ባሰብኩ ቁጥር አፈርኩ።

«ቤይሩት ቢሆን ውሻ ይዞ መሄድ ምንም አይደል ነበር አባባ» አለች ዝናሽ። «የማዳም ውሻ ሆቴል ሲገባ የራሱ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። ፓስፖርት እንኳ ነበረው።»

«ውሻው?»

«አዎ፣ ፎቶው የተለጠፈበት። የሱ ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የኔን ማዳም ቆልፋበት ነበር።»

ገመዱን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

የጋሳይ ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ረዳቱ እኔን ሊያስገባ እጁን ዘረጋና ቦራን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው።

«አባቴ፣ ውሻውን ለማን ነው የሚተዉት?»

«አብሮኝ ይሄዳል።»

«በምን? ከኋላ እየሮጠ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከበሩ አጠገብ የቅቤ ቅል ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ግን አልሳቀችም። «እኔ ቅቤ ይዣለሁ» አለች። «ውሻ ያሸተተውን ቅቤ ማን ይገዛኛል? እሱ ከገባ እኔ እወርዳለሁ!»

ሌላ መኪና መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም። ቀጠሮ ሳልደርስ ብቀር ደግሞ «ፈርቶ ቀረ፣ ሌባ ቢሆን ነው» መባሌ ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሾፌሩ ወርዶ ቦራን ከጆሮው እስከ ጅራቱ አየው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ቦራ አይደለም እንዴ? ያ የሚሞተው?»

«ራሱ ነው» አልኩ። ጭንቀት ላይ ብሆንም አንገቴ ቀና ማለቱን አልክድም።

«ይሙትልንና ይግባ!»

ትርኢት ለማሳየት እንዳልወጣሁ ነገርኩት። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ቆሟል፤ ሰውም ከብቦናል። «ሙት» አልኩ። ቦራ ከመናኸሪያው አቧራ ላይ ተዘረጋ። ሰው ጮኸ፣ አጨበጨበ። ሌላ ጊዜ ያ ጭብጨባ ከምግብ ይጥመኛል፤ ያን ዕለት ግን ውሻዬን እንደ ሬሳ ተጋድሞ ሳየው ጭብጨባው እስኪያልቅ አልጠበቅሁም። ቶሎ አስነሳሁት። አፉን በጨርቅ አስሬ፣ ከእግሬ ሥር አስቀምጬ፣ ለሱም እንደ ሰው ልከፍል ተስማማን። የቅቤዋ ሴት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ስታልፍ ቦራን አየት አድርጋ «መቼም ጸጥ ያለ ነው፤ ለስንቱ ሰው ያልፈጠረለትን» አለች።

መንገድ

ከከተማው እንደወጣን አስፋልቱ ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ ሽቅብ ይሄዳል። ግራና ቀኙ የታጨደ ስንዴ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ የተከመረ ጭድ። ነፋሱ ከጉና በኩል ስለሚመጣ መስኮት የሚከፍት የለም። ቦራ መጀመሪያ ላይ አገጩን ጫማዬ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። ብርዱ እየበረታ ሲመጣ ግን ተነሳ። በበሩ ስንጥቅ በኩል አፍንጫውን አውጥቶ ያሸት ጀመር፤ ጠራሁት፣ ጆሮውን እንኳ አላዞረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርቼው ያልዞረበት ቀን አልነበረም። ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወጣት ቦራን በጥርጣሬ አየው። «ይናከሳል?»

«የሰለጠነ ነው።»

«የት ነው የሰለጠነው?»

«እኔ ዘንድ።»

ወጣቱ እኔን አየኝ፣ ውሻውን አየው፣ በእጁ እለፉ አለን።

ጋሳይ

ጋሳይ መንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ነፋስ መውጫ የሚሄድ መኪና ሁሉ በመሃሏ ያልፋል። ሽማግሌዎቹ የቀጠሩኝ ለረቡዕ ጠዋት ስለነበር ማደሪያ ፈለግሁ። የመጀመሪያው አልጋ ቤት ውሻውን አይቶ በሩን ዘጋ። ሁለተኛው «ሰው ነው የምናሳድረው» አለ። ሦስተኛው የእትዬ ጥሩ ምግብ ቤት ነው፤ ከኋላው አልጋ ያከራያሉ። ስገባ ቤቱ ጢም ብሎ ሰው ቴሌቪዥን ያያል። ፊልሙ ላይ ቡናማ ውሻ ከአንዲት የታመመች ሕፃን ጋር ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቷል። እትዬ ጥሩ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆመው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ እኔና ውሻዬ ማደሪያ ፈልገን ነበር» አልኳቸው።

«ውሻ? ከአልጋ ቤቴ? ምን በወጣኝ!»

«ያኛውስ አልጋ ላይ አይደለም የተኛው?»

«እሱማ ፊልም ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «የፊልም ውሻ ጸጉር አይጥልም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኋላ ግን ሆዳቸው ባባና የማገዶ ቤቱን ከፈቱልኝ። ሽሮ በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፣ ለቦራም ትርፍራፊ ወጣለት። በጨዋ ደንብ ያደግሁ፣ በከተማዬ ወንበር የሚለቀቅልኝ ሰው፣ ያን ዕለት ከፍልጥ ጋር አደርኩ። ቦራን ደጅ አስሬ ብተኛ ግን እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቀዋለሁ፤ በየከተማው ለባዘነ ውሻ መርዝ ጥለው ይሄዳሉ፤ መርዙ ደግሞ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም።

ከመተኛቴ በፊት ሀብታሙ የሚባል የባጃጅ ነጂ መጥቶ ነበር። የጋሳይ ወጣት ነው፤ ምላሱም እንደ ባጃጁ ፈጣን ነው። «ጋሽ ደምሴ፣ ነገ ሽማግሌ ፊት እንደሚቀርቡ ሰምተናል። እኛም ወጥተን እንቀርጻለን፤ የቦራ ፍርድ ብለን እንለቀዋለን።»

«ልጄ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም። እንዳትመጡ።»

«እሺ» አለ። እሺ ያለበት ፈገግታ አላማረኝም።

ሽቅብ

ረቡዕ ማለዳ ከጋሳይ በእግር ተነሳን። በቅሎ ልከራይ ጠይቄ ነበር፤ ባለ በቅሎው ውሻውን ሲያይ «ትደነግጥብኛለች» ብሎ ተወኝ። ይሁን፤ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያንን አቀበት በእግሩ አይሞክረውም፣ እኔ ግን ወጣሁት። ከድንች ማሳው በላይ ገብስ፣ ከገብሱ በላይ ጓሳ ሣር፣ ከዚያ ወዲያ ከሰው የሚረዝመው የውርጭ ተክል፣ ጅብራው፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። ትንፋሽ ያጥራል። በየማሳው ያሉ ሰዎች ቀና ብለው «እንደምን አደሩ፣ ወዴት ነው?» ይሉኛል። «ሽማግሌ ጋ» ስል ውሻውን ያዩና «እግዜር ይርዳዎ» ይላሉ። ሁሉም ነገሩን ሰምቷል ማለት ነው።

ቦራ ግን ሌላ ውሻ ሆነ። በከተማ ከጎኔ እንጂ ከፊቴ ሄዶ አያውቅም። አሁን ገመዱን ወጥሮ እየጎተተ ይመራኛል። መንገዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ የቱ እንደሚሻል ላስብ ስል እሱ አስቀድሞ ታጠፈ። ትክክለኛውም እሱ የታጠፈበት ሆነ። መልሼ ልውረድ አልኩ በልቤ፤ ገደል ገባ፣ ጠፋ ብዬ ብናገር ማን ያውቃል? ግን ደምሴ ከጠሩት ቦታ ቀርቶ አያውቅም። ወጣሁ።

ሜዳው

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ፣ ሜዳ ዳር ካለ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢያቸው ቄስ ይትባረክ ይባላሉ። ካሴ ጥቁር የበግ ጸጉር ባና ለብሶ ቆሟል፤ ከሲታ፣ ፊቱ በብርድ የተላጠ፣ ከኔ በብዙ ዕድሜ የሚያንስ ሰው። በጎቹ ከሜዳው ታች ይግጣሉ። ጠላና የተቀቀለ ድንች ቀረበልኝ፤ ድንቹን በእጄ ይዤ ቀረሁ።

ካሴ ጀመረ። «አባቶቼ፣ ይህ ውሻ የኔ ነው። ስሙም እረፉ ነው። ድንበሬን ለሚገፉ ጎረቤቶቼ ብዬ ያወጣሁለት ነው።»

ከቄሱ ቀጥሎ የተቀመጡት ሽማግሌ አቀርቅረው ማሳል ጀመሩ።

«እንዴት ጠፋብህ?» አሉ ቄስ ይትባረክ።

«ጋሳይ በግ ሸጥኩ። መኪና ላይ ሲጭኗቸው እረፉ ይጮህ ነበር። ከነጋዴው ጋር ስነጋገር ቆይቼ ዞር ስል የለም። ገመዱን በጥሶ፣ መኪናው ላይ ዘሎ፣ በጎቹን ተከትሎ ሄደ አሉኝ።» ወደኔ ዞረ። «እኔ በግ እንጂ እሱን አልሸጥኩም። ከዚያ ወዲህ ጅብ በረቴን ለመደው። አንቱ ደግሞ ለበግ ጠባቂዬ ጃንጥላ አስይዘው ለዓለም ያሳዩታል።»

ያ ባዶ የበግ በረት ዓይኔ ላይ መጣ። ያን ዕለት እግሩ የቆሰለ ውሻ ለምን እዚያ እንደተኛ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ተነሳሁ፤ እንዴት እንዳገኘሁት፣ እንዴት እንዳከምኩት፣ ጃንጥላ መያዝ እንኳ እንዳስተማርኩት ተናገርኩ። አንደበት ቸግሮኝ አያውቅም፤ ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል» አሉ ቄሱ። «እንግዲህ በአገሩ ደንብ ይታያል። የጠፋ ከብት ሁለት ባለቤት ሲያገኝ ሜዳ መሃል ይለቀቃል። ማንም አይጠራ፣ ማንም አያፏጭ፣ ማንም እህል አያሳይ። ወደ ማንኛችሁ እንደሄደ ይታያል፤ ባለቤቱ እሱ ነው።»

እኔ በአንደኛው ዳር፣ ካሴ በሌላው ዳር ቆምን። አንዱ ሽማግሌ ቦራን መሃል ወስደው ፈቱት። ቦራ መሬቱን አሸተተ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ካሴን አየው። ጅራቱ አልተወዛወዘም፣ አልወደቀምም። ወደኔ ጥቂት መጣና ቆመ። ና በለው፣ ና በለው ይለኛል ውስጤ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

ያን ጊዜ ከጉብታው ላይ ሳቅና ጩኸት ተሰማ። ሀብታሙና ጓደኞቹ ናቸው፤ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። «ቦራ! ቦራ! ሙት!»

ቦራ ሜዳው መሃል ተዘረጋ።

ካሴ ያየው ቪዲዮ የጃንጥላውን ብቻ ነው። እንደ ወፈፌ ሮጠ። ባናው ወደቀ፤ አላነሳውም። ከውሻው አጠገብ ተንበርክኮ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ምን አበላችሁት? መርዝ ነው ያበላችሁት! እረፉ! እረፉ የኔ ጌታ!»

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ «ተነስ!» ብዬ ጮህኩ። ቦራ ብድግ ብሎ ራሱን አራገፈ። ካሴ ተንበርክኮ ቀረ። ስልኮቹ ሁሉ ወደሱ ዞረው ነበር።

ሲነሳ ጉልበቱን አራገፈ፤ ማንንም አላየም። «አባቶቼ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። «ይህ የኔ ውሻ አይደለም። የኔ እረፉ በጎቹ ሜዳ ላይ እያሉ ለማንም አይተኛም ነበር። ይውሰዱት።»

ቄስ ይትባረክ ሽማግሌዎቹን ግራና ቀኝ አዩ። «እንግዲህ ካሴ ቃሉን ሰጥቷል። ውሻው የአያ ደምሴ ነው።»

ጉብታው ላይ ጭብጨባ ሆነ። ረታሁ። ገመዱን ይዤ ቦራ አንገት ላይ ላስር ጎንበስ አልኩና መልሼ ጠቀለልኩት። እኔ ያየሁትን ማንም አላየም ነበር።

ቀና አልኩ። «አባቶቼ፣ አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። ይህን ውሻ መሞት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሳምሬ ነው ያስተማርኩት። ሲሞት ዓይኑን ይጨፍናል። ስንት ሰው ፊት ሞቷል፣ አንድ ቀን ገልጦ አያውቅም። ዛሬ ግን ተጋድሞ ሳለ አንድ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ካሴንም አልነበረም፤ ከታች ያሉትን በጎች ነበር። በጎቹ ሲንቀሳቀሱ ዓይኑ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። የዚህን ውሻ ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ እመኑኝ። ውሻው የካሴ ነው።»

ካሴ ባናውን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ግን አልወስድም። አይደለም ያልኩት በሽማግሌ ፊት ነው። የተፋሁትን አልልስም።»

«እኔም የካሴ ነው ያልኩት በሽማግሌ ፊት ነው። ይዤው አልወርድም።»

ቄሱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ መቱ። «ውሻ የሚሹ ሁለት ሰዎች አስታርቁን ብላችሁ ከቤታችን አስወጣችሁን፤ አሁን ውሻ የማይሹ ሁለት ሰዎች ይዛችሁብን መጣችሁ!» እኚያ ሲያስሉ የነበሩት ሽማግሌ «እኔ እወስደዋለሁ፣ ስሙን ብቻ እቀይራለሁ» አሉ። ካሴ እንኳ ሳያስበው ሳቀ።

ኋላ ቄስ ይትባረክ ፈረዱ። «አያ ደምሴ፣ አይጥሩት፣ አያባርሩት። ዝም ብለው ይውረዱ። ከተከተለዎ የአንቱ ነው፤ ከቀረ የካሴ ነው። ያን ጊዜ ከሁለታችሁም ማንም ቃሉን አላጠፈም።»

ቁልቁል

ወረድኩ። ወደ ኋላ አላይም ብዬ ነበር። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ የቦራ ነው፤ ከሺህ ኮቴ እለየዋለሁ። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙኝ። ጓሳው እስኪያልቅ ድረስ ተከተለኝ። ከዚያ ኮቴው ቆመ። ጥቂት ሄድኩና ቃሌን አፍርሼ ዞርኩ። ከበጎቹ ወዲህ፣ ከኔ ወዲያ ቆሟል። ያየኛል። ከላይ አንዲት በግ ከመንጋው ተነጥላ ወደ ገደሉ ስትወርድ ጆሮው ተቀሰረ፤ ዘወር አለና ሮጠ። እኔም በዝግታ ወረድኩ።

ሀብታሙ ጋሳይ መግቢያ ላይ ደረሰብኝ። አፍሮ ነበር። «ጋሽ ደምሴ፣ ያንን የካሴን አጥፍቼዋለሁ፤ አልለቀውም። ሌሎቹንም አስጠፍቻቸዋለሁ» አለና ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። መናኸሪያ ድረስ በባጃጁ አደረሰኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ሚኒባሱ ውስጥ የሚከራከረኝ ሰው አልነበረም። እግሬ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ግን ሙሉውን መንገድ አስጨነቀኝ፤ እግሬን እዚያ ላይ ማድረግ አልቻልኩም።

ቤት

ዝናሽ በሩን ከፍታ ከኋላዬ አየች። ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እየሰማችኝ ስልኳ ይንጫጫል፦ ቦራስ? ቦራ የት አለ? ረታችሁ?

«ምን ልበላቸው አባባ?»

«ሥራ ገባ በያቸው።»

ሳቀች። «እኔን ቀደመኛ!»

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ የሚለኝ ካለ፣ ለሰው አስተማሪ ሆኜ ስለኖርኩ መማር ይከብደኛል። ግን ይህን ተቀብያለሁ፦ ውሻ ይዞ መጓዝ በኛ አገር ገና ነው፤ ውሻ ማየት የሚወድ ሕዝብ ውሻ ማስጠጋት ገና አልለመደም። ሌላውን ለመናገር ይከብደኛል። ቦራ ጃንጥላ የያዘልኝ እኔ ብልህ ስለሆንኩ ብቻ አልነበረም። የሚጠብቀው አጥቶ ነበር። ሥራ የለመደ ፍጡር ሥራ ሲያጣ የሰጡትን ሁሉ ይሠራል፤ መሞት እንኳ ቢሆን። እኔ ያንን ጨዋታ ነው ብዬ ሳጨበጭብ ኖርኩ።

ጥቂት ቀን ሰንብቶ ካሴ ደወለ። ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው፤ ነፋሱ ይሰማል። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ አገሩ ሰላም ጠየቀኝ። ስለ ውሻው አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መጨረሻ ላይ «ጅብ መጥቶ ነበር» አለ። «በጎቹ ደህና ናቸው። እሱም ደህና ነው። እንዲያውም አሁን ማዶ የሚያልፍ ሰው አይቷል፤ ይስሙት» አለና ስልኩን ወደ ሜዳው ዘረጋው።

ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ተራራው የሚመልሰው ጩኸት ነው። ሁለት ዓመት ከኔ ጋር ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ጮሆ አያውቅም፤ እኔም ጨዋ ነው እያልኩ ለጎረቤት አወራ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ይህንን እኔ አላስተማርኩትም» አልኩት ካሴን።

«እኔም አላስተማርኩትም አያ ደምሴ» አለኝ። ሁለታችንም እስኪያበቃ ሰማነው።